የታጠፈችው ጣት

በገና የተማርኩት በጋሽ እንደሻው እጅ ላይ ነው። ይህን የምለው ነገር ለማሳመር አይደለም፤ የሆነው እንደዚያው ስለሆነ ነው። ሌሎቹ ተማሪዎች ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው የጋሽ እንደሻውን ጣቶች እያዩ ይማራሉ። እኔ በግራቸው በኩል እቀመጥና ግራ እጄን በግራ እጃቸው ላይ ጭኜ፣ ጣታቸው ወደ ሄደበት አብሬ እሄዳለሁ።

ይህ ግን እንዲሁ በቀላሉ አልተፈቀደም። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ወይዘሮ ወለተ ማርያም ናቸው፤ አሰላ ውስጥ ከእሳቸው ያመለጠ ነውር የለም። የመጀመሪያ ቀን እጄን በጋሽ እንደሻው እጅ ላይ ሳሳርፍ በበሩ እያለፉ ነበር መሰለኝ፣ የጫማቸው ኮቴ ቀጥ አለ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉ።

ጋሽ እንደሻው አስረዱ፤ እኔም አስረዳሁ። ወይዘሮዋ ትንሽ አሰቡና "ይሁን። ግን የሰው ዓይን አለ፤ ነጠላ ይግባበት" ብለው ፈረዱ። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ በእኔና በጋሽ እንደሻው እጅ መካከል የነጠላዬ ጫፍ ነበረ። ለሰው ዓይን ሲባል። እኔ የሌለኝ ዓይን በእኔው ላይ እንዲህ ሲበረታብኝ ሳስበው ያስቀኛል።

ሃኒ እባላለሁ። የጎበሳ ልጅ ነኝ፤ ዓይኔን በአራት ዓመቴ ኩፍኝ ወሰደው። አሁን ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አሰላ ኮሌጅ እማራለሁ። ይህን ቶሎ የምናገረው ሰው እንዳይጨነቅብኝ ነው። ሰዉ እኔ ፊት "አየሽ" የምትለዋን ቃል እንኳ ይውጣታል። አንድ የክፍል ጓደኛዬ "እንደምታዪው" ብሎ ጀምሮ በድንጋጤ ይቅርታ ሲጠይቀኝ፣ የቆምንለት ባጃጅ ሌላ ሰው ጭኖ ሄደ።

በገናን መጀመሪያ የሰማሁት አሰላ በመጣሁበት ዓመት፣ በዐቢይ ጾም ነው። ከአዳራሹ ግድግዳ ውጭ ቆሜ ነበር፤ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጆሮዬን ሊቆርጠው ደርሷል። የበገና ድምፅ ግን በጆሮ ብቻ አይሰማም። አውታሮቹ በሚያርፉበት እንጨት ላይ፣ ከእያንዳንዱ አውታር ሥር፣ እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ ድምፁን እንደ ትልቅ ንብ የምታስጎመጉመው እሷ ናት። ደረቴ ውስጥ ገብቶ ነዘረኝ። ወደድኩት፤ በቃ፣ ወደድኩት። በዓመቱ ተመዘገብኩ። የኮሌጅ ፈተና ስለያዘኝ ግን ትምህርቱ ከተጀመረ ሁለት ሳምንት ዘግይቼ ገባሁ። የዚያ ሁለት ሳምንት ዕዳ በኋላ መጣብኝ።

ሁለት ዓመት ተማርኩ። ትዕቢት አይሁንብኝና ከክፍሉ የሚስተካከለኝ አልነበረም፤ ይህን ያሉት ጋሽ እንደሻው እንጂ እኔ አይደለሁም። ዘንድሮ ጾሙ ሊገባ ሲል ዲክሲስ ያሉት እናታቸው ደከሙባቸው፤ ከፋሲካ በኋላ ጠቅልለው ወደዚያው ሊገቡ ሆነ። ለአዲሱ ዙር አሥራ አንድ ጀማሪ ተመዝግቧል። "ማን ያስተምራቸው?" ተብሎ ሲጠየቁ ጋሽ እንደሻው ሳያመነቱ "ሃኒ" አሉ።

ያን ቀን ቤቴ ስገባ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሁሉ ያስተምረኛል። መንገድ እንዴት እንደምሻገር የማያውቀኝ ሰው እንኳ ክንዴን ይዞ ያስተምረኛል። ከእኔ የሚማረው ነገር እንዳለ ያሰበ ሰው ግን እስከዚያ ቀን አልነበረም። ይህንን ክፍል ፈለግሁት፤ እንደዚያ አድርጌ የፈለግሁት ነገር የለም።

ኮሚቴው ግን "እስቲ መጀመሪያ እንስማት" አለ። ኮሚቴው ማለት በዋናነት መምህር ካሣዬ ናቸው። የዜማ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ ከጎጃም ተመድበው መጥተው ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ያስተምራሉ፤ በገናም ሃያ ዓመት አስተምረዋል። በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በፊታቸው ተቀምጬ ደረደርኩ። ገና ወደ ሁለተኛው አዝማች ሳልደርስ "ቆይ" አሉኝ።

"የቀለበት ጣትሽን ምን ነካት ልጄ?"

"ምንም" አልኩ።

"ታጥፋለች እኮ። ከመዳፍሽ ጋር ተጣብቃ ነው ያለችው። ሥራዋን ሁሉ የመሃል ጣትሽ ትሠራላታለች።"

"እንዲህ አይደል እንዴ የሚያዘው?"

አንድ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፤ ከኋላዬ ጋሽ እንደሻው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስህተቴ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ፊቴ በእፍረት ጋለ። በመጨረሻ መምህር ካሣዬ ረጋ ብለው "በገና በአምስቱም ጣት ነው። ይህን ሳታስተካክዪ ጀማሪ ፊት ልናስቀምጥሽ ይከብደናል። ደብረ ዘይት ይለፍና እንደገና እንሰማሻለን" አሉ። አራት ሳምንት ሰጡኝ ማለት ነው። ስወጣ አንዱ በሹክሹክታ "ምን ታድርግ፣ አይፈረድባትም" ሲል ሰማሁ። ሹክሹክታ ለእኔ እንደ ጩኸት መሆኑን ሰው ለምን እንደሚረሳ አላውቅም።

ከእኔ ቀጥሎ ያለውን ክፍል የተከራየችው ራቢያ ናት፤ የአርቦዬ ልጅ፣ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ። ገና የግቢውን በር ስከፍት "ማል ታቴ?" አለችኝ፤ ምን ሆነሽ ነው ማለቷ ነው።

"ራቢያ፣ ጋሽ እንደሻውን ታውቂያቸዋለሽ አይደል?"

"የእናታቸውን መድኃኒት የሚወስዱት? እንዴት አላውቃቸውም!"

"ግራ እጃቸው ምን ሆኗል?"

ዝም አለች። ራቢያ የምትባል ሰው ዝም ካለች ነገር አለ ማለት ነው።

"እንዴ፣ አታውቂም እንዴ? የቀለበት ጣታቸው እኮ የለችም። ከአንጓዋ ላይ ተቆርጣለች።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዴት ብዬ? ሰፉ ነው እኮ ሃኒ! የሰው ጉድለት በሌለበት ይወራል?"

"ባለበትስ?"

"ባለበትማ ጭራሽ!"

ሰፉ በእነ ራቢያ ዘንድ ነውርም ነው፣ ክብርም ነው፣ ፈጣሪን መፍራትም ነው። እኛ ቤት ስሙ ሌላ ይሁን እንጂ ነገሩ ያው ነው። አሰላ በሙሉ ያየውን ጣት፣ በላዩ ላይ እጇን ጭና ሁለት ዓመት የኖረችው ሃኒ ብቻ አላወቀችም። ሰላም ስንባባል በቀኝ እጅ ነው፤ ግራ እጃቸውን የማውቀው በነጠላ ውስጥ ነበር። በነጠላ ውስጥ ደግሞ የተቆረጠች ጣት ልክ እንደታጠፈች ጣት ናት። የበገና ወግ መስሎኝ እኔም ጣቴን አጠፍኩ። ተናደድኩ። በራቢያ፣ በወይዘሮ ወለተ ማርያም፣ በነጠላዬ፣ በከተማው ሁሉ ተናደድኩ። ከሁሉም በላይ ግን በጋሽ እንደሻው ነደድኩ።

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ ብቻቸውን አገኘኋቸው።

"ጋሽ እንደሻው፣ እጅዎን ይስጡኝ።"

"የትኛውን?" አሉ። የትኛውን እንደሆነ ግን ያውቃሉ።

ግራ እጃቸውን ሰጡኝ። ያለ ነጠላ ስነካው የመጀመሪያዬ ነበር። አራቱን ጣቶች አገኘሁ። አምስተኛዋ መንገድ ላይ ትቆማለች፤ ጫፏ እንደተላጠ ድንች ልሙጥ ነው።

"ኮምባይነር ነው" አሉ ሳልጠይቃቸው። "ዲክሲስ፣ የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜ። ስንዴ እያጨድን ማሽኑን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ወለቀ፤ ልመልሰው እጄን ሰደድኩ። ሞተሩ ጠፍቷል ብለውኝ ነበር።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገሩኝም?"

"የምታውቂ መስሎኝ! እጅሽ እዚያው ላይ አልነበር እንዴ? አውቀሽ በጨዋነት ያለፍሽኝ መስሎኝ በልቤ ስመርቅሽ ነው የኖርኩት።"

"የእኔንስ እጅ አያዩም? ጣቴን አጥፌ ስደረድር?"

"ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምሰማሽ" አሉ።

"ለምን?"

"አንቺ ሳታዪ እኔ እያየሁ መቀመጡ ደስ አላለኝም። ከደንብ የወጣ መሰለኝ።"

ልቆጣ የቋጠርኩት ሁሉ አፌ ላይ ጠፋ። ሳቅ አመለጠኝ፤ እሳቸውም ሳቁ፤ ሳቃችን እርስ በርሱ እየተቀጣጠለ ወገባችንን እስኪያመን ሳቅን። በኋላ አፍንጫቸውን ሲስቡ ሰማሁ፤ ከዚያ ነገሩን ገለጡልኝ። የመጀመሪያው የትምህርት ቀን ለተማሪዎቹ "እኔ በመሃል ጣት የምመታውን እናንተ በቀለበት ጣት ምቱ" ብለው ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፤ ያመለጠችኝ በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። እሷን አንዴ ለማለት ራሱ ስንት ቀን እንደተለማመዱ ነገሩኝ። መድገሙን አልቻሉም።

ከዚያ ሥራ ሆነ። ሁለት ዓመት የተኛች ጣት መቀስቀስ ሕፃን ከመቀስቀስ ይብሳል። የቀለበት ጣቴ ገና ልትነሳ ስትል የመሃል ጣቴ ቀድማ ሄዳ አውታሯን ትነካለች፤ ሥራ የለመደ ሰው ቁጭ በል ሲሉት እንደማይቀመጠው። ራቢያ መላ ፈጠረች። የፀጉር ላስቲኳን አውጥታ የመሃል ጣቴን ከሌባ ጣቴ ጋር አሰረቻት። "በይ አሁን ታምልጥ!" አለች። በፋርማሲ ነገር ላይ ያላት ዕውቀት ያን ጊዜ ጠቀመኝ ማለት ነው። በኮሌጁ ዴስክ ጠርዝ ላይ ተለማመድኩ፤ ባጃጅ ውስጥ ጉልበቴ ላይ ተለማመድኩ። አንዲት ሴትዮ ከጎኔ ተቀምጠው "ይበላሻል እንዴ ልጄ?" ብለው ቅባት ሊያዙልኝ ነበር።

ጋሽ እንደሻው በየቀኑ ከሥራ ሲወጡ ይመጡ ነበር። ዓይናቸውን ገልጠው መሆኑን በየደቂቃው ይነግሩኛል። "እያየሁ ነው፤ ከፍ አድርጊያት። እያየሁ ነው፤ አሁን ታጠፈች።" በሦስተኛው ሳምንት መዝሙሩ የሚፈጥንበት ቦታ ላይ ደረስኩ። ሁልጊዜ እዚያ ጋ ትንሽ መሰናከል ነበረች፤ እኔ የዜማው ባሕርይ ትመስለኝ ነበር። በአምስት ጣት ስመታው መሰናከሏ ጠፋች። ጋሽ እንደሻው "እያየሁ ነው" ማለታቸውን አቆሙ።

"ተሳሳትኩ?" አልኩ።

"የለም" አሉ። "ጣቴ ሳትቆረጥ እንደዚህ ነበር የምመታው። ረስቼው ኖሯል።"

ደስ አለኝ፤ ደግሞም አዘንኩላቸው። ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝ።

ደብረ ዘይት አለፈ፤ ቅዳሜው ደረሰ። ኮሚቴው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው በኩል፣ ጋሽ እንደሻው ከኋላዬ ተቀመጥን። መዝሙሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደረደርኩ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጣቴ በልማዷ ልትታጠፍ ቃጣት፤ መለስኳት። ስጨርስ ወይዘሮ ወለተ ማርያም "እሰይ!" አሉ፤ ከእሳቸው ይህን መስማት ሹመት ነው።

"ጎበዝ" አሉ መምህር ካሣዬም። "ጣትሽ ተስተካክላለች፤ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ነገር ግን... መደርደር ሌላ ነው፣ ማስተማር ሌላ ነው። ልጆቹ አሥራ አንድ ናቸው። ያው... ከሁኔታው አንጻር... እንደምታ..." ብለው ቃሏን ዋጧት።

"ዓይነ ስውር ነኝ መምህር። ይበሉት፣ ግድ የለም።"

"እሱን ለማለት ፈልጌ ሳይሆን..."

"እሱኑ ነው። አሥራ አንድ ልጅ ጣቱን ሲያበላሽ ይቺ ልጅ በምን ታውቃለች ነው ጥያቄው። ደግ ጥያቄ ነው፤ እኔም እርስዎን ብሆን እጠይቅ ነበር።"

ትንፋሽ አወጡ። "እሺ፤ በምን ታውቂያለሽ?" አሉ በቀጥታ። ያን ጊዜ ወደድኳቸው።

"በገናውን ይያዙልኝ" አልኩ።

መምህሩ በገናውን ተቀብለው ተቀመጡ፤ እኔ በግራቸው ዞርኩ። እጄን ስዘረጋ ወይዘሮ ወለተ ማርያም እንደተለመደው "ነጠላ!" አሉ።

"እማማ፣ እዚህ ያደረሰችን እኮ ነጠላዋ ናት።"

ትንሽ አሰቡ። "እውነቷን ነው፤ ዛሬስ ይቅር" አሉ።

እጄን በመምህር ካሣዬ እጅ ላይ ጫንኩ። ሙቅ እጅ ነው፤ የጠመኔ ብናኝ አለበት። መደርደር ጀመሩ። አውራ ጣታቸው ልክ ነው፤ ሌባ ጣታቸው ልክ፣ የመሃሉም የቀለበቱም ልክ። ትንሿ ጣታቸው ጋ ስደርስ ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ከሌሎቹ ጋር ትነሳለች፣ እስከ አውታሯ ትሄዳለች፣ ሳትነካ ትመለሳለች። አጋጣሚ ነው ብዬ እስኪደግሙት ጠበቅሁ። እንደገና ሄደች፤ እንደገና ሳትነካ ተመለሰች። የእሷን አውታር የቀለበት ጣታቸው ፈጥና መትታ ወደ ቦታዋ ትገባለች። ላየ ሰው አምስቱም ጣት ይንቀሳቀሳል። ድምፁም ሙሉ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በየተራ ተቀምጦ ያያቸው ተማሪ ሁሉ ይህንኑ አይቷል።

ዝም ብል ክፍሉ የእኔ እንደሆነ ገብቶኛል። "እጅዎ ልክ ነው መምህር፣ እንዲህ እየዳሰስኩ አውቃለሁ" ብዬ ብነሳ ማንም አይጠይቀኝም። ብናገር ደግሞ ሰውየውን በኮሚቴያቸው ፊት፣ በወይዘሮ ወለተ ማርያም ፊት ማዋረዴ ነው፤ ክፍሉን የሚሰጡኝም የሚነሱኝም እሳቸው ናቸው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ግን ዝም ካልኩ፣ ከተማው በእኔ ላይ ያደረገውን በእሳቸው ላይ ማድረጌ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በሰው ጨዋነት ጣቴን አጥፌ የኖርኩት እኔ ነኝ።

"መምህር" አልኩ። "ትንሿ ጣትዎ አውታሯን አትነካም።"

በገናው ቆመ። "ምን አልሽ?"

"ትሄዳለች፣ ግን አትደርስም። ሥራዋን የቀለበት ጣትዎ ነው የምትሠራላት።"

ውጭ አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ። እጄን ላንሳ ወይስ ልተወው አላወቅሁም፤ ተውኩት። መምህር ካሣዬ ቀስ ብለው፣ በትንሿ ጣታቸው ብቻ፣ አንዴ ሞከሩ። ዝም። እንደገና ሞከሩ። አውታሯ ትንሽ ትንፋሽ አወጣች።

"በልጅነቴ ተሰብራ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ስትድን መምህሬ 'አትቸኩል፣ ለጊዜው አሳርፋት' አሉኝ። ለጊዜው ነበር እኮ።" ሳቅ ነገር አሉ። "ሃያ ዓመት ሳስተምር የነገረኝ ሰው የለም።"

"ያየስ ይኖራል" አሉ ጋሽ እንደሻው ከኋላዬ። "የጠፋው የሚናገር ነው። እኔን ይጠይቁኝ፤ ጣት የለኝም፤ ከሃኒ በስተቀር ፊት ለፊት የጠየቀኝ ሰው የለም።"

ጋሽ እንደሻው ይህን በሰው ፊት ሲናገሩ የመጀመሪያቸው አልነበረም፤ ከዚያ የመጀመሪያ የትምህርት ቀን ቀጥሎ ሁለተኛቸው ነበር። ድምፃቸው ግን አልተንቀጠቀጠም።

"እና አሁን ምን ይሻላል?" አሉ መምህር ካሣዬ። የጠየቁት እኔን ነበር።

"የቀለበት ጣትዎን ያሳርፏት። አይቸኩሉ። ትንሿን ብቻ። ይድገሙት።"

ደገሙት። ጣቲቱ ደካማ ናት፤ ግን ነካች።

"ይድገሙት።"

ደገሙት። የወረቀት ድምፅ ሰማሁ፤ ወይዘሮ ወለተ ማርያም ቃለ ጉባኤያቸውን እየገለጡ ነበር። "እንግዲህ ምን ብዬ ልጻፍ?" አሉ።

"ከዳግም ትንሣኤ ጀምሮ ሃኒ ታስተምራለች ብለው ይጻፉ" አሉ መምህር ካሣዬ፣ ከበገናው ሳይነሱ።

"የተማሪ ብዛት አሥራ አንድ አይደል ያልነው?"

"አሥራ ሁለት ይበሉት።"

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሄደ። መልስ መስጠት፣ ማመስገንም ነበረብኝ፤ ጊዜ ግን አላገኘሁም። የመምህር ካሣዬ ትንሿ ጣት ሳትነካ ልትመለስ ስትል ደርሼ ያዝኳት፤ "መምህር፣ አመለጠችዎ፤ ከመጀመሪያ ጀምሮ" አልኩ።